የዕረፍት ቀን ሚዛን

(ስለ ዓለም አቀፍ የራግቢ ውድድሮች የግጥሚያ መርሐ ግብር ርትዕ ለማኅበሩ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ማንኛውም የስፖርት ውድድር ከመጀመሩ በፊት አንድ ፍርድ ይሰጣል። ይህን ፍርድ የሚሰጠው የግጥሚያዎቹን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ በወረቀት ላይ የሚደለድለው ኮሚቴ ነው። ፊሽካ ይዞ በሜዳ ላይ የቆመው ዳኛ ቢሳሳት በሺሕ የሚቆጠር ተመልካች ይጮኽበታል፤ ስሕተቱም በፊልም እየተደጋገመ ይታያል። የመርሐ ግብር አዘጋጅ ቢያዳላ ግን የሚጮኽበት ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም አድልዎው የተሸሸገው በሁለት ቀኖች መካከል በቀረው ባዶ ቦታ ውስጥ ስለ ሆነ ዐይን አያየውም። እንግዲህ መመርመር የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፤ ለሁሉም እኩል ቀን ማከፋፈል በማይቻልበት ጊዜ፣ የጎደለውን ማን ይሸከም?

ለዚህ ጥያቄ ከራግቢ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ራግቢ በኢትዮጵያ እምብዛም ያልተዘወተረ ጨዋታ ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ ጠባዩን በጥቂት ቃላት ማስታወስ ይገባል። ከየወገኑ 15 ተጫዋቾች ተሰልፈው ለ80 ደቂቃ ይፋለማሉ፤ ኳሱን የያዘውን ሰው ጨብጦ መሬት ላይ መጣል ሕጉ የፈቀደው ተግባር ነው። ስለዚህ ከግጥሚያ በኋላ የተጫዋቹን አካል የሚያዝለው ሩጫው ብቻ አይደለም፤ ግጭቱም ጭምር ነው። አንጎሉ በግጭት የተናወጠ ተጫዋች ወደ ሜዳ የሚመለስበት ሥርዓት ስድስት እርከኖች ያሉት ሲሆን፣ በእያንዳንዱ እርከን ቢያንስ አንድ ቀን መቆየት ግዴታ ነው። እንግዲህ በሁለት ግጥሚያዎች መካከል ሦስት ቀን ብቻ የተሰጠው ቡድን፣ እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበትን ተጫዋች በቀጣዩ ግጥሚያ ሊያሰልፍ አይችልም፤ ስድስት ቀን የተሰጠው ተቃራኒው ግን ሊያሰልፍ ይችል ይሆናል። ከዚህ በታች «የዕረፍት ቀን» ሲባል በሁለት ግጥሚያዎች መካከል ያለውን ሙሉ ቀን ያመለክታል፤ ዓመታቱና ቀኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የችግሩ ሥር የሒሳብ ነው። የመጀመሪያው የራግቢ የዓለም ዋንጫ በ1987 በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ ሲካሄድ 16 ቡድኖች በአራት ምድብ፣ በእያንዳንዱም ምድብ አራት አራት ሆነው ተደለደሉ። አራት ጥንድ ቁጥር በመሆኑ በየዙሩ ሁሉም ይጫወታል፤ ያለ ተጋጣሚ የሚቀር የለም። በ1999 የቡድኖቹ ቁጥር ወደ 20 ከፍ ሲል አምስት ምድቦች ተዘጋጁ፤ የምድቦቹ አምስት አንደኞች በቀጥታ ወደ ሩብ ፍጻሜ እንዲያልፉ፣ የቀሩት ሦስት ቦታዎች ደግሞ በሳምንቱ መካከል በሚደረጉ ተጨማሪ ግጥሚያዎች እንዲሞሉ ተወሰነ። ኦክቶበር 20 ቀን እንግሊዝ ፊጂን 45 ለ24፣ ስኮትላንድ ሳሞአን 35 ለ20፣ አርጀንቲና አየርላንድን 28 ለ24 አሸነፉ። ከሦስት የዕረፍት ቀን በኋላ፣ ኦክቶበር 24 ቀን፣ ሦስቱም አሸናፊዎች ለሩብ ፍጻሜ ተሰለፉ፤ ሦስቱም ተሸነፉ። ያሸነፏቸው ደቡብ አፍሪካ፣ ኒውዚላንድና ፈረንሳይ ግን አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ዐርፈው የመጡ ነበሩ።

በዚህ ላይ ግን ፍርድ ለመስጠት መቸኮል አይገባም። በ1999 የታየው ብልጫ በድካም የተገኘ ብልጫ ነው። ምድቡን በአንደኝነት የፈጸመ ቡድን ዕረፍት እንደሚያገኝ ሁሉም አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ወደዚያም የሚያደርሰው መንገድ ለሁሉም ክፍት ነበር። ልዩነቱ ከመጠን በላይ ሰፊ ነበር ቢባል ያስኬዳል፤ ያለ ሥራ የተሰጠ ነበር ማለት ግን አይቻልም። በሜዳ ላይ የተገኘ ብልጫና በጽሕፈት ቤት የተሰጠ ብልጫ ሊለያዩ የሚገባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው።

ሁለተኛው ዓይነት በጉልሕ የታየው ከ2003 ጀምሮ ነው። በዚያ ዓመት 20ዎቹ ቡድኖች በአራት ምድብ አምስት አምስት ሆነው ተደለደሉ። አምስት ጎደሎ ቁጥር ነው። በአንድ ምድብ አሥር ግጥሚያዎች ይደረጋሉ፤ በአንድ ዙር ከሁለት በላይ ማካሄድ ስለማይቻል ዙሮቹ አምስት ይሆናሉ፤ በየዙሩም አንድ ቡድን ቁጭ ብሎ ይመለከታል። የምድብ ግጥሚያዎቹ የተካሄዱት ግን ከኦክቶበር 10 እስከ ኖቬምበር 2፣ አራት ቅዳሜና እሑዶችን ብቻ በሚያቅፍ ጊዜ ውስጥ ነበር። አምስት ዙር በአራት ቅዳሜና እሑድ ስለማይገባ፣ አንዳንዱ ቡድን የግድ በሳምንቱ መካከል መጫወት ነበረበት። እስከዚህ ድረስ ያለው የቁጥር ግዴታ ነው። የትኛው ቡድን ቅዳሜን፣ የትኛው ረቡዕን ይውሰድ የሚለው ግን የሰው ውሳኔ ነው።

ኢጣሊያ ኦክቶበር 11፣ 15፣ 21 እና 25 ተጫወተች፤ በጠቅላላው 11 የዕረፍት ቀን ደረሳት። በዚያው ምድብ የነበረችው ዌልስ ኦክቶበር 12፣ 19፣ 25 እና ኖቬምበር 2 በመጫወቷ 18 ቀን ዐርፋለች። ሁለቱ የተገናኙት ኦክቶበር 25 ሲሆን፣ ኢጣሊያ ከሦስት ቀን፣ ዌልስ ከአምስት ቀን ዕረፍት በኋላ ነበሩ፤ ዌልስ 27 ለ15 አሸነፈች። በሌላው ምድብ አርጀንቲና ኦክቶበር 22 ከሩማንያ ጋር ተጫውታ ኦክቶበር 26 አየርላንድን ገጠመች፤ አየርላንድ ከኦክቶበር 19 ጀምራ ስድስት ቀን ዐርፋ ነበር። ውጤቱ 16 ለ15 ሆነ፤ አርጀንቲና በአንድ ነጥብ ብልጫ ከውድድሩ ወጣች። የዕረፍቱ ልዩነት ያንን አንድ ነጥብ አመጣ ብሎ ማረጋገጥ የሚችል ማንም የለም። ነገር ግን አላመጣም ብሎ ማረጋገጥ የሚችልም የለም፤ የመርሐ ግብር አድልዎ ትልቁ ጉዳትም ይኸው ነው። ተሸናፊው ለሽንፈቱ የጠራ ምክንያት እንዳያገኝ፣ አሸናፊውም ድሉን ያለ ጥርጣሬ እንዳይቀበል ያደርጋል።

ነገሩ በ2011 በኒውዚላንድ ተደገመ። ሳሞአ ሴፕቴምበር 14 ከናሚቢያ ጋር ተጫውታ፣ ከሦስት ቀን ዕረፍት በኋላ ሴፕቴምበር 18 ከዌልስ ጋር ተገናኘች፤ ዌልስ ስድስት ቀን ዐርፋ ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ ሳሞአ 10 ለ6 ትመራ ነበር፤ በሁለተኛው አጋማሽ አንዲት ነጥብ እንኳ ሳታስቆጥር 17 ለ10 ተሸነፈች። የሳሞአው ተጫዋች ኤሊዮታ ፉይማኦኖ-ሳፖሉ በመርሐ ግብሩ ላይ ያደረበትን ቅሬታ በአደባባይ እጅግ በከረረ ቃል ገለጠ። የቃሉ መክረር ብዙ ወቀሳ ስላስከተለበት የቅሬታው ፍሬ ነገር ወደ ኋላ ቀረ፤ ቀኖቹ ግን በመርሐ ግብሩ ላይ ተጽፈው ይነበቡ ነበር።

የአዘጋጆቹንም ወገን መስማት የርትዕ ግዴታ ነው። የዓለም ዋንጫው የጨዋታው ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ ማለትም እስከ 2014 ዓለም አቀፍ የራግቢ ቦርድ ከዚያም ወዲህ ወርልድ ራግቢ የተባለው፣ ዋነኛ የገቢ ምንጭ ነው። ገንዘቡ የሚገኘው በይበልጥ ከቴሌቪዥን ስርጭት መብት፣ ከማስታወቂያና ከትኬት ነው፤ ብዙ ሕዝብ የሚከታተላቸው ቡድኖች ቅዳሜና እሑድ ካልተጫወቱ ገቢው ይቀንሳል። ከዚህም ገቢ ለታናናሾቹ አገሮች ማሠልጠኛ የሚውል ድርሻ አለ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሆኖም ክርክሩን እስከ መጨረሻው የተከተለ ሰው አንድ ግድፈት ያገኛል። ገቢው የጋራ ከሆነ፣ ገቢውን ለማግኘት የሚከፈለው ዋጋም የጋራ መሆን ነበረበት። በእነዚያ ዓመታት ግን ዋጋው ደጋግሞ የወደቀው የሚከፍለው ባነሰው ላይ ነበር።

ኃያላኑም አንዳንድ ጊዜ አጭር ዕረፍት እንደ ደረሳቸው መካድ አይቻልም። በ2015 በእንግሊዝ አውስትራሊያ ሴፕቴምበር 23 ከፊጂ ጋር ተጫውታ፣ ከሦስት ቀን ዕረፍት በኋላ ሴፕቴምበር 27 ኡራጓይን ገጥማለች። አብዛኞቹን ተሰላፊዎቿን ለውጣ 65 ለ3 አሸነፈች። ኡራጓይም በተራዋ ኦክቶበር 6 ከፊጂ ጋር ተጫውታ፣ ከሦስት ቀን ዕረፍት በኋላ ኦክቶበር 10 ከእንግሊዝ ጋር ተገናኘች፤ 60 ለ3 ተሸነፈች። በወረቀት ላይ የሁለቱ አገሮች አጭር ዕረፍት እኩል ሦስት ቀን ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ብዙ ባለሙያ ተጫዋቾች ላሉት አገር ደካማ ተጋጣሚ ሲጠብቀው የተሰጠ ሦስት ቀን ሲሆን፣ ሁለተኛው ተቀያሪ ላነሰው አገር አስተናጋጁ ብርቱ ቡድን ሲጠብቀው የተሰጠ ሦስት ቀን ነው። እኩል ቁጥር ሁልጊዜ እኩል ሸክም አይደለም።

በዚያው ውድድር ጃፓን ሴፕቴምበር 19 ደቡብ አፍሪካን 34 ለ32 አሸንፋ ዓለምን አስደነቀች። ከሦስት ቀን ዕረፍት በኋላ ሴፕቴምበር 23 ስኮትላንድን ገጠመች፤ ለስኮትላንድ ይህ የውድድሩ የመጀመሪያ ግጥሚያ ስለ ነበረ ተጫዋቾቹ ትኩስ ነበሩ። በዕረፍት ሰዓት ውጤቱ 12 ለ7 ነበር፤ በመጨረሻ 45 ለ10 ሆነ። ጃፓን የቀሩትን ሁለት ግጥሚያዎች አሸነፈች፤ ይሁን እንጂ ስኮትላንድ 14 ነጥብ፣ ጃፓን 12 ነጥብ ስላገኙ፣ በምድቧ ሦስት ግጥሚያ አሸንፋ ወደ ሩብ ፍጻሜ ሳታልፍ የቀረች የመጀመሪያዋ አገር ጃፓን ሆነች። በዚሁ ምድብ የነበረችው አሜሪካ ኦክቶበር 7 ከደቡብ አፍሪካ፣ ኦክቶበር 11 ከጃፓን ጋር እንድትጫወት ተመድባ ስለ ነበር፣ ብዙ ዋና ተጫዋቾቿን ለሁለተኛው ግጥሚያ አቆየች፤ በመጀመሪያው 64 ለ0፣ በሁለተኛውም 28 ለ18 ተሸነፈች። አጭር ዕረፍት ደካማውን ቡድን የትኛውን ግጥሚያ ልተው ብሎ እንዲመርጥ ያስገድደዋል፤ ትኬት ገዝቶ የገባውም ተመልካች የተተወውን ግጥሚያ ይመለከታል።

በ2019 በጃፓን ሚዛኑ ተገለበጠ። በዚህ ጊዜ አስተናጋጇ ጃፓን ናት፤ ኦክቶበር 5 ተጫውታ ሰባት ቀን ካረፈች በኋላ ኦክቶበር 13 ስኮትላንድን ገጠመች። ስኮትላንድ ኦክቶበር 9 ሩሲያን 61 ለ0 ስታሸንፍ ዋና ዋና ተጫዋቾቿን አሳርፋ ነበር፤ ቢሆንም እንደ ቡድን የነበራት ዕረፍት ሦስት ቀን ብቻ ነው። ጃፓን 28 ለ21 አሸንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሩብ ፍጻሜ ገባች። ከአራት ዓመት በፊት ጃፓን የተሸከመችውን ሸክም አሁን ስኮትላንድ ተሸከመችው። ይህን እንደ ካሣ የሚቆጥር ሰው ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ በደል በሌላ በደል አይካስም፤ የተጎዱትም ተጫዋቾች ያው አይደሉም።

በዚያ ምድብ ውስጥ ለባለሙያ ጠቃሚ የሆነ ትምህርት አለ። የዕረፍት ቀኖቹ ድምር ሲታሰብ ጃፓን 20፣ ስኮትላንድ 18፣ አየርላንድ 17፣ ሩሲያ 16፣ ሳሞአ 15 ነበራቸው። በድምር ብቻ የሚፈርድ ሰው ስኮትላንድ ከአምስቱ ሁለተኛዋ ዕድለኛ ነበረች ይላል። ነገር ግን የስኮትላንድ 18 ቀኖች የተከፋፈሉት ሰባት፣ ስምንትና ሦስት ሆነው ነው፤ ሦስቱም የወደቁት ማለፍና መቅረት በሚወሰንበት ግጥሚያ ዋዜማ ነው። ስለዚህ የመርሐ ግብር ርትዕ በድምርም ሆነ በአማካይ አይለካም። የሚለካው በሁለት ነገሮች ነው፤ አንደኛው ማንም ቡድን ከዚያ በታች እንዳይወርድ የተወሰነ ዝቅተኛ የዕረፍት ወለል ነው፤ ሁለተኛው በአንድ ግጥሚያ በሚገናኙት ሁለት ቡድኖች መካከል ያለው የዕረፍት ልዩነት ነው።

ያው ውድድር ሌላም ጉድለት አጋለጠ። ሃጊቢስ የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ኦክቶበር 12 ወደ ጃፓን ሲደርስ፣ የኒውዚላንድና የኢጣሊያ፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ፣ በማግሥቱም የናሚቢያና የካናዳ ግጥሚያዎች ተሰረዙ። በደንቡ መሠረት የተሰረዘ የምድብ ግጥሚያ ያለ ነጥብ እኩል እንደተለያዩ ተቆጥሮ ለየቡድኑ ሁለት ሁለት ነጥብ ይሰጣል። ኢጣሊያ ኒውዚላንድን የማሸነፍ ተስፋዋ የመነመነ ቢሆንም፣ የማለፍ ዕድሏ በዚያ ግጥሚያ ላይ የተንጠለጠለ ነበር፤ ሳትጫወት ተሰናበተች። ስኮትላንድም የእርሷ ግጥሚያ ቢሰረዝ እንደምትወድቅ ስላወቀች በሕግ እስከ መከራከር እንደምትደርስ አስታወቀች፤ በመጨረሻ ግጥሚያው ተካሄደ፤ የስኮትላንድ ፌዴሬሽን ግን ስለ ተናገረው ቃል 70,000 ፓውንድ ተቀጣ። ደንቡ አስቀድሞ የተጻፈ በመሆኑ አፈጻጸሙ አይነቀፍም። የሚነቀፈው አንዲት መጠባበቂያ ቀን እንኳ ያልተተወለት መርሐ ግብር ነው፤ ሩብ ፍጻሜው ኦክቶበር 19 ስለሚጀመር የተሰረዘውን የሚያኖሩበት ቦታ አልነበረም።

መፍትሔው የመጣው በ2023 ነው። በፈረንሳይ የተካሄደው ውድድር በአንድ ሳምንት ተራዝሞ ከ44 ወደ 51 ቀን ከፍ አለ፤ የምድብ ግጥሚያዎቹም ከሴፕቴምበር 8 እስከ ኦክቶበር 8 በአምስት ቅዳሜና እሑዶች ላይ ተዘረጉ። ለእያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ አምስት የዕረፍት ቀን ተረጋገጠ፤ የተጫዋቾቹም ቁጥር ከ31 ወደ 33 ከፍ አለ። ልዩነት ፈጽሞ ጠፋ ማለት አይደለም። ፈረንሳይ ከመጨረሻው የምድብ ግጥሚያዋ በፊት 14 ቀን ስታርፍ፣ ናሚቢያ በየመካከሉ አምስት አምስት ቀን ብቻ አግኝታለች። ሆኖም ከወለሉ በላይ ያለ ልዩነትና ከወለሉ በታች ያለ ጉድለት አንድ አይደሉም፤ አካሉ ላገገመ ተጫዋች ተጨማሪው ቀን ትርፍ ነው፤ ላላገገመው ግን የጎደለው ቀን ጉዳት ነው። በዚህ ውድድር በየመካከሉ ቢያንስ ስድስት ቀን ያረፈችው ፖርቱጋል ከጆርጂያ ጋር 18 ለ18 ተለያይታ፣ ፊጂን 24 ለ23 አሸንፋ፣ የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ ድሏን አገኘች። ይህን ድል ለዕረፍቱ መስጠት ተጫዋቾቹን መንጠቅ ይሆናል፤ ቢያንስ ግን ማንም በቀን መቁጠሪያ አላመካኘም።

ዳሩ ግን በዚያው ዓመት ርትዕ በሌላ በር ወጣ። የምድብ ዕጣው የወጣው በዲሴምበር 2020 ሲሆን፣ መሠረት የተደረገው የጃንዋሪ 1 ቀን 2020 የደረጃ ሰንጠረዥ ነበር። ውድድሩ ሲጀመር በደረጃ ከአንድ እስከ አምስት የነበሩት አየርላንድ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ኒውዚላንድና ስኮትላንድ ሁሉም በሁለት ምድብ ተከማችተው ተገኙ፤ ሁለቱም ምድቦች በሩብ ፍጻሜ እርስ በርስ የሚገናኙ ስለ ነበሩ፣ ከአምስቱ ከሁለት በላይ ለግማሽ ፍጻሜ ሊደርሱ አይችሉም ነበር። ሦስት ዓመት ሊሞላ በተቃረበው ጊዜ ውስጥ የቡድኖቹ አቅም ተለውጧል፤ ዕጣው ግን አልተለወጠም። በ2027 በአውስትራሊያ ለሚካሄደው ውድድር ዕጣው በዲሴምበር 2025 መውጣቱ ከዚህ የተገኘ ትምህርት ነው።

የ2027 ውድድር 24 ቡድኖችን በስድስት ምድብ አራት አራት አድርጎ ይደለድላል። ጎደሎው ቁጥር ቀርቷል፤ በየዙሩ ሁሉም ይጫወታል። ግን ከየምድቡ ሁለት ሁለት ቡድኖች ሲያልፉ፣ ከስድስቱ ሦስተኞችም የተሻሉት አራቱ ወደ 16ቱ ስለሚጨመሩ አዲስ ጥያቄ ይነሣል፤ ዘግይቶ የሚጫወት ምድብ ለማለፍ ስንት ነጥብ እንደሚበቃው ዐውቆ ይገባል፤ ቀድሞ የጨረሰው ግን ሳያውቅ ተጫውቷል። የዕውቀት ብልጫ እንደ ዕረፍት ብልጫ ሊጎዳ እንደሚችል የአፍሪካ ስፖርት በራሱ ላይ አይቶታል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በይድነቃቸው ተሰማ ይመራ በነበረበት ዘመን፣ በ1982 በስፔን በተደረገው የዓለም ዋንጫ፣ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ1 አሸንፋ የነበረችው አልጄሪያ የመጨረሻ ግጥሚያዋን ጁን 24 ቀን ፈጸመች። በማግሥቱ ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ ሁለቱንም የሚያሳልፈው ውጤት ምን እንደ ሆነ አስቀድመው ዐውቀው ተገናኙ፤ ውጤቱም 1 ለ0 ሆነ፤ አልጄሪያ ወጣች። ከ1986 ጀምሮ በእግር ኳስ የአንድ ምድብ የመጨረሻ ግጥሚያዎች በአንድ ሰዓት እንዲደረጉ የተወሰነው ከዚህ በኋላ ነው።

ከትምህርት ቤት ውድድር እስከ አገር አቀፍ ሻምፒዮና ድረስ መርሐ ግብር የማውጣት ኃላፊነት የተጣለባቸው የማኅበሩ አባላት ከዚህ ሁሉ የሚወስዷቸው ነጥቦች አራት ናቸው። የዕረፍት ወለል ከሁሉ አስቀድሞ ይወሰን፤ የውድድሩም ርዝመት ወለሉን ተከትሎ ይቆረጥ እንጂ ወለሉ የውድድሩን ርዝመት አይከተል። መጠባበቂያ ቀን ይተው። ሊወገድ የማይችል ልዩነት ሲኖር ሸክሙን ማን እንደሚወስድ በዕጣ ወይም በተራ ይወሰን፤ የቡድን ዝናና የተመልካች ብዛት መለኪያ አይሁኑ። ደንቡም ቡድኖቹ የየትኛው ምድብ እንደሚሆኑ ከመታወቁ በፊት ተጽፎ ይነበብ፤ ደንቡን የሚያወጣው ሰው ሸክሙ በማን ላይ እንደሚወድቅ ሳያውቅ ካወጣው፣ ለሁሉም እንደሚጠነቀቅ ሆኖ ያወጣዋልና።

አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ማለታቸው ከዚህ ጋር ይሄዳል። በሜዳ ላይ 60 ለ3 የተሸነፈ ቡድን ሽንፈቱን ተቀብሎ ወደ ልምምዱ ይመለሳል። በአንዲት ነጥብ ተሸንፎ ሦስት የዕረፍት ቀኖች ተነፍገውት እንደ ነበር የሚያስታውስ ቡድን ግን ያቺን ነጥብ ለብዙ ዓመት ይቆጥራታል። የተሸነፈ ቡድን ስለ ሽንፈቱ እንዲያስብ፣ ስለ ቀን መቁጠሪያው ግን እንዳያስብ ማድረግ የመርሐ ግብር አዘጋጅ ሥራ ነው።